የሚያውቀው የጠፋ ሬሳ

ባለፈው ሳምንት የልብስ ሣጥኔን ብል እንዳይበላብኝ ካፉር ልገዛ ወደ ሞላ ሱቅ ሄድኩ። ሞላ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ከሰሊጥ ተራው ጀርባ፣ ሳሙናና ሰንደል፣ ሒናና ሽቶ የሚሸጥ የአገሬ ልጅ ነው። ልጅ ማለቴ ከልማድ ነው እንጂ ጠጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱም ቀድሞት ይሄዳል። እኔን ሲያይ ግን ዛሬም ከወንበሩ ብድግ ይላል፣ እትዬ ይለኛል፣ ሌላ ደንበኛ ቢኖር እንኳ ትቶ እኔን ያስተናግዳል። የካፉሩን ጣሳ ክዳን ሲያነሳው ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝና እዚያው ቆሜ ከገበያው ጠፋሁ። ሌላው ሰው ካፉር ሲሸተው የእናቱ ሣጥን ትዝ ይለው ይሆናል። እዚህ አገር ሬሳ ታጥቦ ሲያበቃ በካፉር ውኃ ይለቀለቃል፤ እኔ ደግሞ የጉልምስና ዕድሜዬን በሙሉ የጨረስኩት ሬሳ ክፍል ውስጥ ነው። ሽታው ከልብሴም ከጠጉሬም አልወጣ ብሎ ስንት ዓመት አብሮኝ አድሯል።

አስከሬን መርማሪ ሐኪም ነበርኩ። ሰው በሰው እጅ ይሙት በእባብ፣ በውኃ ይሙት በመኪና፣ ፖሊስ ሬሳውን ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው፤ እኔም አይቼ፣ ሲያስፈልግ ከፍቼ፣ በምን እንደሞተ እናገራለሁ። እንዴት እዚህ ሥራ ውስጥ ገባሽ የሚለኝ አይጠፋም፤ መርጬው የገባሁ ይመስላቸዋል። አገር ቤት ወጣት መሆን ራሱ ወንጀል በሆነበት ዘመን ከመተማ ወደ ገላባት በላስቲክ ጫማ ተሻገርኩ። ከዚያ ካርቱም ላይ ለስደተኛ ተማሪ የተገኘ ዕድል ደረሰኝ፣ ሕክምና ተማርኩ፣ ከብዙዎቹ ተሽዬ ጨረስኩ። ምደባ ሲመጣ ግን ሕያው በሽተኛ ሁሉ ለአገሩ ልጆች ተደለደለ። ሬሳ የሚሻማ ስላልነበረ ሬሳው ለስደተኛዋ ተረፈ። አለቃዬ ፈገግ ብሎ «እናንተ ሐበሾች ልባችሁ ጠንካራ ነው፣ ያ ዶክቶራ» አለኝ፤ ዶክተሯ ሆይ ማለቱ ነው። ልቤ ጠንካራ ነው ብዬ የነገርኩት ሰው አልነበረም።

ገዳሪፍ ያኔ ግን ከተማ ነበረች። ዝናቡ አባርቶ ጥቁሩ መሬት ጭቃውን ሲለቅ፣ የሰሊጥ ጨረታው ሲከፈት፣ መንገዱ በትራክተርና በጆንያ ይሞላ ነበር። ሻይ በወተት በሳንቲም ይጠጣል፤ በሩብ የሱዳን ጊኔ ፉል ከነሰሊጥ ዘይቱ፣ ከነሽንኩርቱ፣ ሁለት ሴት ጠግባ ትነሳለች። አሁን ገንዘቡን በከረጢት ተሸክመሽ ወጥተሽ ዕቃውን በመዳፍሽ ይዘሽ ትመለሻለሽ። በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበት ረጅም ልብስ፣ ብርቱካንማ ነበር፤ መጠቅለሉን ስላላወቅሁበት ከትከሻዬ እየተንሸራተተ መንገድ ላይ ያሳጣኝ ነበር፣ የሱዳን ሴቶችም እየሳቁ ያስተካክሉልኝ ነበር። አውቶቡስ ተራው ጥግ ላይ አንድ ካሴት ሻጭ ነበር፤ አንዱን የእኛን፣ አንዱን የእነሱን ዘፈን እያፈራረቀ ይለቀዋል፤ የእኛው ሲመጣ ትከሻቸውን ከእኛ ይበልጥ የሚሰብቁት እነሱ ነበሩ። ያ ጥግ አሁን የባንክ ገንዘብ በስልክ የሚያስተላልፉ ልጆች ተኮልኩለውበታል፤ ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽቶ የመጣ ሕዝብ ደግሞ ፍራሹን በየትምህርት ቤቱ ግቢ ዘርግቷል። ዘፈን የሚከፍት የለም።

በሱዳኖቹ አልፈርድም። የከፋብኝ የወገኔ ነገር ነው። ሐበሻው ሥራዬን ካወቀ በኋላ እጄን ሲጨብጥ የጣቱን ጫፍ ብቻ ነበር የሚሰጠኝ። ለቅሶ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠራው እኔን ነው፤ ሬሳ ቶሎ እንዲለቀቅለት ደጄ ላይ ያድራል። ክርስትና ሲሆን ግን የእኔን ደጅ ሁሉም ይዘለዋል። አራስ ቤት እግሬ አይረግጥም፤ አንዷ ጎረቤቴ ስትወልድ የአጃ ጥሬ ይዤ ብሄድ እናቷ በሩ ላይ ተቀብላኝ «ተኝታለች» አለችኝ፤ አራሷ ከውስጥ ስትስቅ ይሰማኛል። ከሬሳ ጋር የምትውል ሴት ሕፃን አትይ ማለታቸው ነው። እኔም ልጅ አልወለድኩም፣ ባልም አልቆየልኝም፤ ይህንንም ከሥራዬ ጋር አያይዘው ሲያወሩት ሰምቻለሁ።

ሞላን ያገኘሁት ካሴት ሞቶ ሞባይል በገባበት ሰሞን ነው። ክረምቱ አይሎ ኾሩ፣ ማለትም በበጋ ደረቅ አሸዋ የሚሆነው የጎርፍ ወንዝ፣ አፍ እስከ ገደፉ የሞላበት ጊዜ ነበር። በዚያ ወር ከሻ ወጥቶ ነበር። ከሻ የሚሉት ፖሊስ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ እያፈሰ በጭነት መኪና ወደ ድንበር የሚመልስበት ዘመቻ ነው። ሰሊጥ ሊያርሙ ከጎንደር በኩል የመጡ ልጆች የት ይግቡ፤ በየእርሻው ሲታደኑ ሰነበቱ። ከዕለታት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ትራክተር አንድ ሬሳ ጎትቶ ደጃችን አደረሰ። ኾሩ ወስዶት ከቀናት በኋላ ወደ ታች ያወጣው ወጣት ነው። መረመርኩት፤ ማንም አልነካውም፣ የገደለው ውኃ ነው። ከከሻ ሲሸሽ ሙላት ውስጥ እንደገባ የትራክተሩ ሹፌር ነገረን። ፊቱ እናቱ እንኳ የምትለየው አልነበረም። ሐበሻ መሆኑን ያወቅነው ሹፌሩ ከሐበሾቹ ጋር ሲሠራ አየሁት ስላለን ነው።

ጣጣው ከዚያ ወዲያ መጣ። የት ይቀበር? አብሮት የመጣው ፖሊስ ችግሩ አልገባውም፤ «የተገረዘ ነው፣ ክንዱ ላይም ሒጃብ አለ፣ ሙስሊም ነው» ብሎ ጨረሰው። ሒጃብ ያለው በቆዳ ተሰፍቶ የሚታሰረውን ክታብ ነው፤ እዚህ አገር ሰው ክንዱ ላይ ያስረዋል። የእኛ አገር ክርስቲያን በስምንተኛ ቀኑ እንደሚገረዝ ነገርኩት። ሰሊጥ የሚያርሙት ልጆችም ክርስቲያን ሙስሊም ሳይሉ እባብ እንዳይነድፋቸው ክታብ ከሚጽፉ የሱዳን ፈኪዎች ሒጃብ እየገዙ እንደሚያስሩ ነገርኩት። ማተብ ብፈልግ የለም፤ ከሻን ፈርተው ሁሉም አውልቀውታል። ቢጨንቀኝ የቆዳውን ስፌት በቢላዬ ፈታሁት። ውስጡ የነበረው ወረቀት በውኃው ሟሙቶ ሊጥ ሆኗል፣ ቀለሙም ታጥቧል፤ ግዕዝ ይሁን ዐረብኛ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ሬሳ አጣቢያችን፣ ደጉ ሽማግሌ ዐም ኢድሪስ፣ «ያ ዶክቶራ፣ ሁሉም የአላህ ነው፣ አታስጨንቂው፣ ልጠበው» ይለኛል። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፣ ማቀዝቀዣው አይሠራም፣ ሬሳው ደግሞ የሚቆይ አይደለም።

ቀትር ሳይደርስ የሚያውቀው ሰው ካለ ይምጣ ብዬ ወደ ሐበሻ ሠፈር ላክሁ። ማንም አልመጣም። በመስኮት ብመለከት ግን ከመንገዱ ማዶ፣ ኒም ዛፉ ሥር፣ ጀላቢያ የለበሱ ሦስት ልጆች ቆመዋል። ጀላቢያው አዲስ ነው፤ የታጠፈበት መስመር እንኳ አልለቀቀም፤ ሱዳን ለመምሰል በዚያው ቀን የገዙት ነው። ዓይናቸውን ከእኛ በር ላይ አያነሱም። ተሻግሬ ሄድኩና በአማርኛ «ልጆቼ፣ ውስጥ ያለውን ታውቁታላችሁ?» አልኳቸው።

ሁለቱ መሬት መሬት ያያሉ። መልከ መልካሙ፣ ረጅሙ ልጅ «አናውቀውም እትዬ» አለኝ። ይህ ሞላ ነው።

«ስማችሁን አልጠየቅሁም። ስሙንም አትንገሩኝ። ፖሊሱ ከኋላ ግቢ ሻይ እየጠጣ ነው፣ አያያችሁም። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ ክርስቲያን ነው ወይስ እስላም?»

«አላውቀውም አልኩዎት እኮ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ እዚህ?»

«መኪና» አለኝ። በዚያ መንገድ መኪና አይቆምም። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እያየሁት አንገቱን ሰግጎ መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘና ሄደ። ሁለቱም ተከተሉት። አንዲት ቃል ነበር የጠየቅሁት። ራስን መነቅነቅ ይበቃኝ ነበር።

ዐም ኢድሪስ እንደ ልጁ አድርጎ አጠበው፤ ካፉሩንም አልሰሰተም። ከዚያ እስላም መቃብር፣ ያልታወቁ ሰዎች ከሚቀበሩበት ረድፍ ወስደው፣ ፀሎታቸውን አድርሰው ቀበሩት። ያንን ቀን የቀበሩትን ሰዎች ክፉ ልናገራቸው አልችልም፤ ለማያውቁት ሰው ጭቃ ውስጥ ቆመዋል። የምናደደው በሚያውቁት ነው።

ዓመት አለፈ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ዝናቡ ተመልሶ ካባራ በኋላ አንድ ጠዋት አንዲት የጭልጋ ሴት ቢሮዬ ገቡ። ወይዘሮ ትርንጎ ይባላሉ፤ ዕድሜያችን ይቀራረባል፤ የአቧራ መንገድ ነጠላቸውን አቅልሞታል። ቁመተ ረጅም ልጅ ክንዳቸውን ይዞ ይደግፋቸዋል። አየሁት፣ አየኝ። ሞላ ነው።

«የኔ እመቤት፣ አስማረ የሚባል ልጅ ውኃ ወስዶብኝ እዚህ ነው የመጣ አሉኝ» አሉ ሴትዮዋ። «ይኸ ጓደኛው ባይኖር ማን ይነግረኝ ነበር። እዚህ ድረስ መጥቶ ሬሳውን ስጡኝ ብሎ ለምኖ፣ አልቅሶ፣ እንቢ ብለውት ነው አሉ የተመለሰው። እርስዎን አልከስም፣ ሕጋችሁ ነው። አሁን አፅሙን ስጡኝ፣ ይዤው ልሂድ። አባቱ ካረፈበት ደብር አሳርፌው ፍትሐት ላስደርግለት። ሌላ ምንም አልፈልግም።» ከጉያቸው አንድ ጥቅል አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ነጭ ሸማ ነው፤ ፈትሉ የእጃቸው ነው፤ አፅሙን ሊጠቀልሉበት ይዘውት የመጡት።

ደሜ ፈላ። ለምኖ እንቢ ብለውት! የዚህን ልጅ ጉድ አሁኑኑ እፊታቸው ላወጣው አፌን ከፈትኩ። ሞላ ጀርባቸው ላይ ቆሞ በዓይኑ ይለምነኛል። ግድ አልሰጠኝም። ሴትዮዋ ግን ቀደሙኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ የኔ እመቤት። ክርስቲያን መሆኑን እንዴት አላወቃችሁም? ክታብ ነበረው እኮ። ከመሪጌታ ያስጻፍኩለት ነው። ድሮ አንገቱ ላይ ነበር የሚያስረው። ሊሻገር ሲነሣ ሱዳን አንገት ላይ ያለ ነገር ያስይዛል አሉኝና፣ በገዛ እጄ ከአንገቱ ፈትቼ ክንዱ ላይ አሰርኩለት። ከእጅጌው ሥር እንዳይታይ። ክንዱን አላያችሁም?»

 አንገቱ ላይ አስሮት ቢሆን ኖሮ እኔም የአገሬን ክታብ እለየው ነበር። ያን ቆዳ ከአንገት ወደ ክንድ ያወረደች የእናት እጅ ናት ከማያውቃቸው ሰዎች መሀል ያስቀበረችው። ይህን ለእናት እንዴት ይነግሩታል? ዕድሜዬን በሙሉ ዳኛ ፊት ቆሜ ያየሁትን ስናገር የኖርኩ ሴት ነኝ። ገዳይ አስፈራርቶኛል፣ ባለ ሀብት ሊገዛኝ ሞክሯል፤ ያላየሁትን አየሁ፣ ያየሁትን አላየሁም ብዬ አላውቅም። በዚያን ቀን ግን «እማማ ትርንጎ፣ ክታቡ አልነበረም። ውኃው ወስዶት ነው የመጣልን» አልኳቸው።

«ይኸው! አላልኩህም ሞላ፣ ውኃው ነው የወሰደበት» አሉና ማልቀስ ጀመሩ። እንባቸው መለስ ሲል የሚያዩት ሞላን ነው። የሞላንም ነገር ዋጥ አደረግኩት። ባወጣው በማን ክንድ ተደግፈው ጭልጋ ይመለሳሉ? ድንበሩን ማን ያሻግራቸዋል? ለእሱ ብዬ አይደለም ጉዱን የሸፈንኩት። እስከዛሬም አልማርኩትም።

መቃብሩ ቦታ ሄድን። ጥቁር መሬት ዝናብ ሲመታው ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ የዚያ ረድፍ ጉብታ ሁሉ ተስተካክሎ ሣር በቅሎበታል። ዐም ኢድሪስ ረድፉን አሳየን እንጂ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለም። «ከእነዚህ አንዱ ነው እናቴ» ብሎ በዐረብኛ ነገራቸው፤ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ቆፍሮ ማውጣት የሚፈቅድ ዳኛ የለም። ወይዘሮ ትርንጎ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ በየሣሩ ላይ እጃቸውን አሳረፉ፤ ሁሉንም «ልጄ» አሉ። ሲጨርሱ ሞላን ግንባሩን ሳሙት። «አንተ ባትኖር እዚህም አልደርስ ነበር። ያልካድከውን ጓደኛህን እግዜር ይቁጠርልህ» አሉት። ያልካድከውን! ሞላ ቀና ብሎ አላየኝም። ሸማውን ለእኔ ሰጡኝ። «መልሼ ይዤው አልገባም። እናቱ ላልደረሰችለት ለሌላ ሰው ልጅ አልብሱልኝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ እናታቸው ያልደረሰችላቸው ስንቶቹ መጡብኝ። ሸማውን ስንቴ ከሣጥኑ አወጣሁት፣ እጄ አልታዘዝ እያለኝ መልሼ አጠፍኩት። ጡረታ ወጣሁ፤ ዐም ኢድሪስም ሞተ። ወይዘሮ ትርንጎ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም ተኩስ ከሆነ ወዲህ ከዚያ በኩል ወሬ አይመጣም። ሞላ ሱዳን ተመልሶ ሱቅ ከፈተ፣ አገባ፣ ወለደ። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ተናግረን አናውቅም። ሳሙና እገዛዋለሁ፣ እትዬ ይለኛል፣ አመሰግነዋለሁ፣ እሄዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን አፌን አንድ ነገር በላኝ። ሞላ ካፉሩን በወረቀት እየጠቀለለ «እትዬ ደግሞ ካፉር ያበዛሉ፤ ምን ያለ የክት ልብስ ቢኖርዎት ነው እንዲህ የሚሳሱለት?» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ።

«የእማማ ትርንጎ ሸማ ነው» አልኩት።

እጁ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

«እናቱ ላልደረሰችለት ሰው አልብሱልኝ ብለውኝ ነበር። እኔም እናት የለኝም፣ ልጅ የለኝም። አርጅቻለሁ፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። አንድ ቀን በሬ ሳይከፈት ይውላል። ፖሊስ ሰብሮ ይገባና እኔው ስሠራበት ከነበረው ክፍል ያስተኛኛል። ከዚያ የሚያውቃት ሐበሻ ካለ ይምጣ ብለው ወደ ሠፈሩ ይልካሉ። አሠራሩን አውቀዋለሁ።»

«ኧረ እትዬ፣ በማርያም፣ ምን ዓይነት ነገር ነው የሚያወሩት! ዕድሜ ይስጥዎ።»

«ዕድሜ ሰጥቶኛል። ሸማው ከአልጋዬ ሥር፣ ሣጥኑ ውስጥ ነው ያለው። በእሱ ጠቅልላችሁ ቤተ ክርስቲያን ቅበሩኝ። ይህን የሚነግርልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው የምፈልገው። እዚያ ክፍል በር ላይ ቆመው ‹ታውቃታለህ ወይ› ሲሉህ ምን ትላለህ?»

 በዚህ ሰሞን ከሻ ተመልሷል፤ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ወረቀት የሚጠይቀው ወታደር በየማዕዘኑ ነው፣ የሞላም ወረቀት ጊዜው ያለፈ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ፊቱ አመድ መሰለ፣ ዓይኑም እንደዚያን ቀን እንባ ሞላው።

«መልስልኝ እንጂ» አልኩት።

ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ። ከመመለሱ በፊት ግን አንገቱን ሰግጎ መንገዱን ግራና ቀኝ አየ።